አምስተኛው ማረፊያ

ዓመቱ ሁለት ሺህ አስራ አንድ ነው፣ ወሩ ነሐሴ። እኛ ጋ ጠዋት ፀሐይ ነበረች፣ የተራራው ጫፍ ግን ጠቁሮ ነበር። ይቺን አስቀድመሽ ጻፊያት፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ይሄ መንገድ የሽርሽር አልነበረም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ እየመጡ፣ ቦርሳ አዝለው፣ ዱላ ይዘው፣ ሀይኪንግ ነው ብለው ሲወጡ ታያለሽ። እኛ ግን በዚህ በኩል ያለ ምክንያት አንወርድም። ወደ ሰበታ ገበያ የሚወስደው ሌላ ነው፣ እንጨት የምናወርድበትም ሌላ ነው። ይሄ የሬሳ መንገድ ነው። ከላይ ከመንደራችን ሰው ሲሞት ወደ ቤተ ክርስቲያን የምናወርድበት። አንቺ ፓርኩ ልኮኛል፣ የመንገዱን ታሪክ ሰሌዳ ላይ ልንጽፍ ነው፣ ስንት ኪሎ ሜትር ነው ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ በኪሎ ሜትር አላውቀውም፣ በማረፊያ ነው የማውቀው። ሰባት ማረፊያ ነው።

ማረፊያ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አታውቂም፣ የከተማ ልጅ ነሽ። ሬሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሰባት ቦታ ይቆማል። ቃሬዛው ይወርዳል፣ ቄሱ ይጸልያሉ፣ ተሸካሚ ይቀያየራል፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ይነሳል። ሌላ አገር ደስ ባላቸው ቦታ ይቆሙ ይሆናል። እኛ ጋ ቁልቁለት ነው፣ ቃሬዛ የሚቀመጥበት ደልዳላ የትም አይገኝም፣ ስለዚህ ቦታው የታወቀ ነው፣ ለእያንዳንዱም ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጦለታል። አሁን ተጓዦቹ የሚያርፉባቸው አግዳሚ ወንበሮች ሁሉ፣ ከሥራቸው ብታዪ ያ ድንጋይ አለ። እዚያ ላይ ቁጭ ብለው ሙዝ ይልጣሉ። ይላጡ፣ ምን አጠፉ።

ታዲያ ከአራተኛው ማረፊያ ወረድ ሲሉ ጅረቷ አለች። በበጋ የአህያ ሰኮና አታርስም። ቀጥ ብሎ ለሚሻገር ስድስተኛው ማረፊያ እዚያው ማዶ ነው፣ ሰው ቢጣራ ይሰማል። እኛ ግን አንሻገርም ነበር። ሬሳውን ይዘን እንደገና ሽቅብ እንወጣለን፣ ጅረቷ ከምትፈልቅበት ቋጥኝ በላይ እንዞራለን፣ እዚያ አምስተኛው ማረፊያ አለ፣ ከዚያ በወዲያ በኩል ወደ ስድስተኛው እንወርዳለን። ሬሳ ተሸክመን፣ በጭቃ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ዙሪያ። እና አምስተኛው ማረፊያ ላይ ትልቅ የድንጋይ ክምር አለ፣ የሚያልፍ ሰው ሁሉ አንድ ድንጋይ ይጨምርበታል። ለምን ካልሽኝ፣ ያኔ አላውቅም ነበር። ሰው ይጥላል፣ እኔም እጥላለሁ።

ጎረምሳ ሆኜ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬን ከቃሬዛ ሥር ያስገባሁ ቀን አባቴን ጠየቅሁት። እሱ ከፊት ነው፣ እኔ ከኋላው። ሽቅቡ ላይ ስንደርስ፣ "አባኮ፣ ለምንድነው የምንዞረው? ማዶው ይኸው" አልኩት።

ዞር ብሎም አላየኝ። "ጨሊሲ ዴሚ" አለኝ። ዝም ብለህ ሂድ ማለት ነው።

ኋላ ሌላ ሰው ስጠይቅ፣ ሬሳ ውሃ አያሻግሩም፣ ነውር ነው አሉኝ። በቃ፣ ነውር ከሆነ ነውር ነው፣ ዞርን። አባቴ የሚናገር ሰው አልነበረም። እኔም ከእሱ የወረስኩት መሬቱንና ዶማውን ብቻ አይደለም፣ አፉንም ጭምር ነው። ልጆቼ ከእኔ አስር ቃል የሰሙ ቀን እናታቸውን አባባ ምን ሆነ ብለው ይጠይቁ ነበር። አስካለ፣ ባለቤቴ፣ ዛሬ ስታይሽና እኔን ስትሰማ ምን እንዳለች አላውቅም፣ እንግዲህ ወጥ ቤት ሆና ትሰማ።

ታዲያ ጫካው ፓርክ ተባለ። እንጨት መቁረጥ ቀረ፣ ከብት ማስገባት ቀረ፣ በምትኩ ጎብኚ ይመጣል ተባለ። እና አንድ ቀያሽ ተላከ። ከሱሉልታ ነበር የሚመላለሰው። ጨዋ ልጅ ነው፣ ክፉ ላወራበት አልፈልግም። አገሩን የሚያውቅ ሰው ስጡኝ ሲል ቀበሌው ኦቦ ለሚን ውሰድ አለው፣ እኔን ማለት ነው። ሦስት ቀን አብሬው ሄድኩ። እሱ ያቺን መሣሪያውን ይዞ ይቆማል፣ ይመለከታል፣ ይጽፋል። እኔ ቀለም በቆርቆሮ ይዤ እከተላለሁ። ቢጫ ቀለም ነው። እዚህ ጋ ሲለኝ ዛፉ ላይ እቀባለሁ። መጀመሪያ ከሦስተኛው ማረፊያ በላይ ሌላ ቦታ ሊያስኬደው አስቦ ነበር፣ ኋላ ግን የሬሳውን መንገድ ሲያየው ወደደው። የተረገጠ ነው፣ አይንሸራተትም፣ በየመሐሉ ደልዳላ አለው፣ ይሄን ያወጡ ሰዎች መሐንዲስ ነበሩ አለኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም።

አራተኛው ማረፊያ ስንደርስ ቆመ። ማዶውን አየ፣ መሣሪያውን አየ፣ እኔን አየ።

"ኦቦ ለሚ፣ እዚህ ጋ መንገዱ ለምንድነው የሚዞረው?"

"ሬሳ ውሃ አይሻገርም" አልኩት።

ፈገግ አለ። "እኛ የምናመጣቸው እኮ በእግራቸው የሚሄዱ ናቸው።"

እኔም ሳቅኩ። ይሄን ጻፊው። እኔም ሳቅኩ። በልቤ እውነቱን ነው አልኩ፣ ነውሩ የሬሳ ነው፣ ሕያው ሰው ምን አግዶት። እና ወርደን በድንጋይ ላይ በድንጋይ ላይ ተሻገርን፣ ካልሲዬ እንኳ አልራሰም፣ ጥር ነው። ማዶ አንዲት ወይራ አለች። ብሩሹን ሰጠኝና ከፍ አድርገው ይቅቡት፣ ከሩቅ እንዲታይ አለኝ። ከፍ አድርጌ ቀባሁት። ከሩቅ ይታይ ነበር።

ሁለት ዓመት ምንም አልሆነም። ሰው መጣ፣ ሄደ። ወንበሮቹ ተተከሉ። ዙሪያው መንገድ የሚሄድበት ጠፋና ቀጋና ቁጥቋጦ ዋጠው። በዚያ ሁለት ዓመት መንደራችን ውስጥ ሰው አልሞተም ማለት አይደለም፣ ሞቷል፣ ግን ክረምት አልነበረምና ወጣቶቹ ቄሱን አስፈቅደው ቀጥ ብለው ተሻገሩ። አንድ ሁለት ሽማግሌ አጉረመረመ። እኔ ዝም አልኩ።

እና ጫልቱ። ሁለተኛ ልጄ ናት። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤቱ አልመጣላት ሲል ፓርኩ አስጎብኚ ሲያሰለጥን ገባች። እሷ እንደ እኔ አይደለችም፣ ተናጋሪ ናት። በኦሮምኛ ታወራለች፣ በአማርኛ ታወራለች፣ ፈረንጅ ሲመጣ በእሱ ታወራለች። ማታ ስትመጣ የዋለችበትን ሁሉ እየተነሳች በሰው አካሄድ፣ በሰው ድምፅ ታሳየን ነበር። አንዱ ጅንጀሮ አይቶ ዣንጥላውን እንደዘረጋ፣ አንዷ በአዲስ ነጭ ጫማ መጥታ ጭቃውን እንዴት በጣቷ ጫፍ እንደረገጠችው። እናቷ በሳቅ ትወድቃለች። እኔ ፊቴን አዙሬ ነው የምስቀው። አንድ ቀን ግን አየችኝ፣ "አባኮ ጥርስ አለው" አለች።

እንግዲህ ያ ነሐሴ። ያልኩሽ ቀን። እኔ ደጅ ቁጭ ብዬ የቀንበር ጠፍር እያጠበቅሁ ነው። ጫልቱ ጫማዋን እያሰረች፣ "አባኮ፣ ሰባት ማረፊያ ነው ትላላችሁ፣ እኔ ስድስት ነው የምቆጥረው። ተጓዦቹ ሰባተኛው የት አለ እያሉ ያስቸግሩኛል" አለችኝ።

አምስተኛው ዙሪያው ላይ ቀርቷል፣ ቀያሹ ሲያሳጥር አልፎታል አልኳት።

"ታዲያ እናንተ ለምንድነው ያን ያህል ትዞሩ የነበረው? ነውር ነው አትበለኝ፣ ነውር እኮ አንድ ሰዓት አያስዞርም። የሆነ ነገር ይኖረዋል። ልንገራቸው።"

አየሽ፣ የሆነ ነገር ይኖረዋል አለች። ስልሳ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ እኔ ያላሰብኩትን። መልሱን አላውቀውም። አላውቅም ማለት ደግሞ ለልጄ አቃተኝ። አለማወቄ አናደደኝ፣ እሷ ያጠፋች ይመስል። ጠፍሩን እየጎተትኩ፣ ቀና ሳልል፣ "ጨሊሲ ዴሚ" አልኳት።

ሳቀች። "እሺ፣ ዝም ብዬ እሄዳለሁ" አለች፣ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አላየሁም። የነገረኝ ከተጓዦቹ አንዱ ነው፣ የቡራዩ ሰው። ስምንት ተጓዦች ነበሩ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከለገጣፎ፣ አንዱ እሱ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው። ከላይ ሲመለሱ እኩለ ቀን ሆኗል፣ ጅረቷ ጋ ፀሐይ ነው፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ዝናቡ ከላይ ከጫፉ ነው የወረደው፣ እነሱ አላዩትም። ሰባቱ ተሻገሩ። እሱ መሐል ድንጋይ ላይ ቆሞ እግሩን የት እንደሚያስቀምጥ ሲያይ ድምፅ ሰማን አለኝ፣ የጭነት መኪና መሰለን፣ እዚህ መንገድ አለ እንዴ ብለን ተያየን። ጎርፍ መሆኑን ጫልቱ ናት ያወቀችው። ማዶ ቆማ ነበር፣ ተመለሰች። ከኋላው ገብታ በሁለት እጇ ገፋችው፣ የወይራዋን ሥር ያዘ። "ዞር ስል ውሃ ብቻ ነው፣ አባባ። እጇ ጀርባዬ ላይ እንዳለ ነው የሚሰማኝ" አለኝ። ትልቅ ሰው ነው፣ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ምን ልበለው? በሕይወት በመኖሩ ልቆጣው?

በሦስተኛው ቀን ከታች፣ ጅረቷ ከእርሻው የምትቀላቀልበት ቦታ ተገኘች። እኛ ጋ ሬሳ ከቤቱ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ በሰፊው መንገድ ወደ ቤት አወጣናት፣ ታጠበች፣ ተገነዘች። የእድሩ ወጣቶች መጡ፣ ጎርፉ አልፏል፣ ግንድ ጥለንበታል፣ በአዲሱ መንገድ ቶሎ እናደርሳታለን አሉ።

"በአሮጌው" አልኩ።

አስካለ ቀና ብላ አየችኝ። ሌላ ማንም አልተከራከረኝም፣ ያውቁኛል። እና ስድስት ሰው ገጀራ ይዞ ከፊት እየመነጠረ፣ ቃሬዛው ከኋላ ይከተላል። ቀጋው ልብሳቸውን ይዞ ይጎትታል። አስር እርምጃ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ይመነጥራሉ። ሙሾ የምታወጣው ሴት እንኳ ድምጿ አልቆ ዝም አለች፣ የገጀራው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ልጄን እንደዚያ ነው የሸኘኋት።

አምስተኛው ማረፊያ ደረስን። ክምሩን ሣር ለብሶት ነበር። ቃሬዛው ወረደ። እኔ ድንጋይ አንስቼ ጣልኩ። ከመንደሩ ሰው ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ኦቦ ገመዳ፣ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ በምርኩዝ እየተደገፉ በሰው እየተሳቡ መጥተው ነበር። ክምሩ ሥር ቁጭ አሉና ያለቅሳሉ። ለጫልቱ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ኋላ አጠገባቸው ስቀመጥ፣ "ለሚ፣ አባትህ ይሄን ክምር ነግሮህ ያውቃል?" አሉኝ።

"አልነገረኝም።"

ምርኩዛቸውን ክምሩ ላይ አስደገፉ። ከዚያ ነገሩኝ። አንተ ሳትወለድ ነው አሉ። ዙሪያው መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። መንገዱ ቀጥ ብሎ በጅረቷ ነበር የሚያልፈው፣ ቀያሹ ባስኬደው በዚያው። አያቴ ሞቱና በክረምት ሬሳቸውን ይዘው ይወርዳሉ፣ አራተኛው ማረፊያ ሲደርሱ ጫፉ ይጠቁራል። ሽማግሌዎቹ ትንሽ እንቆይ ይላሉ። አባቴ፣ ሐዘኑ የእሱ ነው፣ ቶሎ እንሻገር፣ ዝናብ ሳይመጣ እንድረስ አለ። የሐዘኑ ባለቤት ካለ ማን እንቢ ይላል? ገቡ። አራት ተሸካሚ፣ አንዱ የአባቴ ወንድም ነው። መሐል ላይ ውሃው መጣ። አባቴ ከፊት ቀድሞ ተሻግሮ ነበር። አራቱንም ከነቃሬዛው ውሃው ወሰዳቸው። ሁለቱ ተገኙ። ሁለቱና አያቴ እስከ ዛሬ አልተገኙም። ክምሩ የእነሱ ነው።

በቀጣዩ በጋ አባቴ ብቻውን ዶማ ይዞ ዙሪያውን መንገድ ቆፈረ፣ ጅረቷ ዳር የነበረውን አምስተኛ ማረፊያም ወደዚህ አወጣው። ማንንም አላስጠጋም። ሲጨርስ፣ ከእንግዲህ ሬሳ ውሃ አይሻገርም፣ ነውር ነው ብሎ ተናገረ።

"ነውር ነው ያለው እሱ ነው" አሉኝ ኦቦ ገመዳ። "ከእሱ በፊት እንዲያ ያለ ነገር አልነበረም። እኔ አስቸኩዬ አስበላኋቸው ማለት አቃተው። እኛም እንዳያፍር ብለን እሺ አልን። የምናውቀው አንድ በአንድ አለቅን።" ከዚያ እጄን ያዙኝ። "አንተን ከቀያሹ ጋር ሳይህ፣ አባቱ ነግሮት ይሆናል፣ የሚያደርገውን ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ። ይቅር በለኝ።"

ምን ይቅር እላቸዋለሁ? ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ። ቀያሹ እኮ አዲስ መንገድ አላወጣም፣ አሮጌውን ነው የመለሰው፣ አባቴ የዘጋውን። ለምን እንደተዘጋ የሚነግረው ስላላገኘ ነው። አጠገቡ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

ቀበርናት። ሰልስቷ አለፈ። በማግስቱ ጠዋት ዶማውን አነሳሁ። አስካለ፣ የት ነው አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ ሳልሰጣት እወጣ ነበር። ተመለስኩና ተቀመጥኩ፣ ሁሉንም ነገርኳት። የአባቴን፣ የክምሩን። ያን ጠዋት ጫልቱ የጠየቀችኝንና እኔ የመለስኩላትንም ነገርኳት። ይሄኛውን ባልነግራት ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። አልጮኸችም። "ስትጠይቅህ የኖረች ልጅ ናት" ብቻ አለች። ከዚያ እስከ መስቀል አላናገረችኝም። ምግብ ታስቀምጥልኛለች፣ ትሄዳለች። ዝምታ ከውጭ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ያኔ አወቅሁት።

መጀመሪያ ወይራዋ ጋ ሄጄ ቀለሙን በመጥረቢያ ላጥኩት። ከዚያ ዙሪያውን ከአራተኛው ማረፊያ ጀምሬ መቆፈር ያዝኩ። አባቴ የቆፈረበት ቦታ ይታወቀኛል፣ አፈሩ ለስላሳ ነው። በሦስተኛው ቀን ከፓርኩ ሁለት ሰው መጣ፣ ፈቃድ አለዎት ወይ አሉኝ። ቁጭ በሉ አልኳቸው። ቆመን ይሻላል አሉ። ቁጭ በሉ አልኩ፣ ተቀመጡ። ለእናቷ እንደነገርኩት ነገርኳቸው፣ አንድም ሳላስቀር። በሕይወቴ ለማላውቀው ሰው እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። ሲያልቅ አንደኛው ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል። በማግስቱ አካፋ የያዙ ሠራተኞች ላኩ። የቡራዩውም ሰው በዚያ ጉልበቱ እየመጣ ድንጋይ ያቀብል ነበር፣ ተው ብለው አልሰማኝም። ለጥቅምት ጨረስን። አሁን ተጓዦቹ የሚዞሩት በዚያ ነው። ለምን ይዞራል፣ ማዶው ይኸው እያሉ ያጉረመርማሉ። ያጉረምርሙ።

አሁን የአንቺን ነገር እንጨርስ። መገንጠያው ላይ ሰሌዳ ይቆማል ብለሻል። ቢሯችሁ፣ አባቶች ተፈጥሮን ለማየት በዙሪያው ያልፉ ነበር ብሎ ሊጽፍ አስቧል ብለሽኛል።

"ኦቦ ለሚ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት። አንቱ የነገሩኝን ሁሉ ልጽፈው እፈልጋለሁ። ሰሌዳው ግን ትንሽ ነው፣ ሦስት መስመር ነው የሚይዘው። አንቱ ምን ይጻፍ ይላሉ?"

ሦስት መስመር ይበቃል። ጻፊ። ከዚህ ዙሩ፣ ፀሐይም ቢሆን። ይሄ አንድ ነው። ለምን እንደምትዞሩ ከላይ መንደር የለሚን ቤት ጠይቁ። ይሄ ሁለት ነው። ሦስተኛው ላይ፣ ጠይቃ የነበረችው ጫልቱ ለሚ ናት በይ።

"ሰው ሁሉ ቤትዎ ሊመጣ ነው እኮ። ቅዳሜ ቅዳሜ መቶ ሰው ነው የሚያልፈው።"

ይምጣ። እነግረዋለሁ። መቶ ጊዜም ቢሆን ከመጀመሪያው እጀምርለታለሁ።

ምሰሶውን ትናንት ጠርቤዋለሁ፣ ከበሩ አጠገብ ተጋድሟል። የጽድ ነው፣ ለአንድ ሰው ይከብዳል። ደብተርሽን ዝጊና ያን ጫፍ ያዢልኝ፣ አሁን እንውሰደው።